«ሊኑክስ ጌም አያጫውትም» ላልከው ወንድሜ

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ በራችንን አንኳኳ። ስልኩ ላይ ያንተ ጽሑፍ ተከፍቷል። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። «ይሄን አይተኸዋል?» አለኝ።

ልጁ 15 ዓመቱ ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ብሎክ ላይ ነው። እናቱ ብዙ ጊዜ ቆጥባ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታለታለች። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ጽሑፍህን ሲያነብ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ላፕቶፑን ሸጦ፣ እናቱን ብር አስጨምሮ፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ሌላ ሊያስገዛ ነው። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጽሑፍህ ከአንድ ቤት ብር ሊያስወጣ ነው። ያ ብር ያለ በቂ ምክንያት እንዲወጣ አልፈልግም። እኩያሞች የሆንን ስለሚመስለኝ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጽሑፍህን ላላነበቡ በአጭሩ ልንገራቸው። «ሊኑክስ ላይ ጌም ለመጫወት የምትለፉ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ትላለህ። ምክንያቶችህም እነዚህ ናቸው፦ ሊኑክስ ጌም የለውም። ያለውም ዊንዶውስን ስለሚያስመስል ስታክ ያደርጋል። ጓደኞችህ የሚጫወቱትን አይከፍትም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነፍስ ይዘራል የሚባለው ተረት ነው። ዳታ ይጨርሳል። ዊንዶውስ ደግሞ እዚህ አገር በነጻ ይገኛል። በመጨረሻ «ተርሚናል ላይ ኮድ መጻፍ የማይወድ ባይሞክረው ይሻለዋል» ብለህ ዘግተኸዋል።

ልክ ከሆንክበት ልጀምር።

«ጓደኞችህ የሚጫወቱትን መጫወት አትችልም።»

እውነት ነው፤ ይህን መደበቅ ልጆቹን መዋሸት ነው። ፎርትናይት ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ቫሎራንት አይሠራም። አዲሶቹ ኮል ኦፍ ዲዩቲዎች አይሠሩም። ለኛ ሰፈር ልጆች ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ኳሱ ነው። የፊፋ ጌም ሠሪው ኩባንያ ኢኤ ከፊፋ 23 ጀምሮ አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ የራሱን ፕሮግራም፣ አንቲ ቺት የሚባለውን፣ አስገብቷል። ይህ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይነሳም። እሱ ካልተነሳ ጌሙም አይነሳም። ኤፍሲ 24ን (ፊፋ ስሙ ተቀይሮ ነው) ብቻህን፣ ያለ ኢንተርኔት ልጫወት ብትል እንኳ አይከፈትልህም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈልገው ኤፍሲ ብቻ የሆነ ልጅ ሊኑክስ ጫንልኝ ቢለኝ አልጭንለትም።

ምክንያቱን ግን ተሳስተሃል። «ሊኑክስ አቅም የለውም» ብለሃል። ጉዳዩ የአቅም አይደለም፣ የፈቃድ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለቱ አንቲ ቺቶች፣ ኢዚ አንቲ ቺት እና ባትልአይ፣ በሊኑክስ በኩል ለሚጫወቱ ሰዎች እንደሚሠሩ በመስከረም ወር 2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሳውቀዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው።) መፍቀድ ወይም መከልከል የጌሙ ባለቤት ውሳኔ ነው። አንዳንዱ ፈቀደ፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልፈቀደም። ኤፔክስ ሌጀንድስን ተመልከት። ሊኑክስ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ2024 መገባደጃ ባለቤቶቹ ራሳቸው ዘጉት። ትናንት ሲሠራ የነበረ ጌም ዛሬ የቆመው ኮምፒውተሩ ስለደከመ አይደለም። ጂቲኤ 5 ላይም የሆነው ይኸው ነው። በመስከረም 2024 ባትልአይ ሲገባበት የኦንላይኑ ክፍል ሊኑክስ ላይ ቆመ። ታሪኩን ብቻህን የምትጫወትበት ክፍል ግን አሁንም ይሠራል።

ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ባዶ ነው አልልም። ሊኑክስ ክፍት ስለሆነ ማጭበርበሪያ መደበቅ ይቀልላል ይላሉ። በአጭበርባሪ ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው ንዴቱ ይገባዋል። ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጠይቁትን ፈቃድም ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የሚቀመጡት ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ነው። ሁሉን ነገር ያያሉ። እዚያ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በሐምሌ 2024 ዓለም አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ፕሮግራም አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ላከና 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። አውሮፕላኖች ቆሙ። እሱ አንቲ ቺት አይደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን አንድ ነው። ለኳስ ጌም ብዬ የቤቴን ቁልፍ ለማንም አልሰጥም የሚል ሰው ካለ እኔ እረዳዋለሁ።

«ሊኑክስ ጌም የለውም፤ ያሉትም የሕጻናት ናቸው።»

ይህን 2010 ላይ ብትጽፈው እስማማ ነበር። ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ስቲም ወደ ሊኑክስ የመጣው በየካቲት 2013 ነው። ዛሬ ዶታ 2 ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም አስተርጓሚ ይሠራል። ካውንተር ስትራይክ 2ም እንደዚያው። ቲም ፎርትረስ 2፣ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2፣ ሆሎው ናይት፣ ስታርዲው ቫሊ፣ የጃቫው ማይንክራፍት፣ ሁሉም ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩ ቅጂዎች አሏቸው። ስቲም ዴክ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን አይተህ ይሆናል። የስቲም ባለቤት ቫልቭ በየካቲት 2022 ለገበያ ያቀረበው ነው። ውስጡ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ነው። ቫልቭ በየወሩ በሚያወጣው የስቲም ጥናት ደግሞ በጥቅምት 2025 የሊኑክስ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 በመቶ አለፉ። ትንሽ ነው። የለም ከሚባለው ግን በጣም ይርቃል።

ስቲም ላይ ብር አይሠራም፣ ዋጋው በዶላር ነው። ይህ ዊንዶውስ ላይ ላለውም ሊኑክስ ላይ ላለውም እኩል ችግር ነው። ስለዚህ ለሰፈሬ ልጆች ቀድሜ የማሳያቸው ነጻዎቹን ነው። ከላይ ካልኳቸው ውስጥ ዶታ፣ ካውንተር ስትራይክ እና ቲም ፎርትረስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከስቲም ውጭም አሉ። 0 ኤ.ዲ. የሚባል የጥንት መንግሥታት የጦርነት ጌም አለ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ከ2018 ጀምሮ የኩሽ መንግሥት ገብቶበታል። የናይልን የላይኛውን ክፍል የገዛው፣ ከአክሱም ጋር ጎረቤት የነበረው ሥልጣኔ ማለት ነው። ልጁ ከሮማውያን ጋር በኩሽ ጦር ሲዋጋ አይቻለሁ። እኔ በሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጌም አላየሁም። የምንጫወተው ሁሉ የሌላ ሰው ታሪክ ነበር።

«ዋይን ዊንዶውስን ስለሚያስመስል ጌሙ በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና።

የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስከፍተው ዋይን የተጀመረው በ1993 ነው። ሙሉ ስሙ ራሱ «ዋይን ማስመሰያ አይደለም» የሚል ትርጉም አለው። ማስመሰያ ማለት የሌላ ማሽን ፕሮሰሰር ሆኖ የሚተውን ፕሮግራም ነው፤ እሱ በእርግጥ ይዘገያል። ዋይን እንደዚያ አይደለም። ለገጣፎ ገበያ ጤፍ ልትገዛ ሄድክ እንበል። ገበሬው የሚናገረው ኦሮምኛ፣ አንተ የምትሰማው አማርኛ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሁለቱንም የሚችል ሰው ይቆማል። ያ ሰው ቃል ያሻግራል እንጂ ኩንታሉን አይሸከምም። ዋይንም እንደዚያ ነው። ጌሙ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ በዊንዶውስ ቋንቋ ሲጠይቅ፣ ዋይን ጥያቄውን በሊኑክስ ቋንቋ ያደርስለታል። ሸክሙን የሚሸከመው ያው የራስህ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ነው።

ችግሩ ለረጅም ጊዜ የነበረው ሥዕሉ ላይ ነው። የዊንዶውስ ጌሞች ሥዕል የሚሥሉት ዳይሬክት ስሪዲ በሚባል የማይክሮሶፍት መንገድ ነው። የድሮው ዋይን ያንን ኦፕንጂኤል ወደሚባል የቆየ የግራፊክስ መንገድ ሲተረጉም ብዙ ነገር ይጠፋበት ነበር። ያኔ ስታክ ያደርጋል ብትል ማንም አይከራከርህም። በየካቲት 2016 ቩልካን የሚባል አዲስ የግራፊክስ መንገድ ወጣ። ከዚያ ዳይሬክት ስሪዲን ወደ ቩልካን የሚያሻግር ዲኤክስቪኬ የሚባል አስተርጓሚ ተሠራ። በነሐሴ 2018 ደግሞ ቫልቭ ዋይንንና ዲኤክስቪኬን አንድ ላይ አሽጎ ፕሮቶን ብሎ ስቲም ውስጥ አስገባው። ያን ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። ዛሬ ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር ጌሙን አውርዶ «ተጫወት» የሚለውን መንካት ነው።

ፍጥነቱስ? አንዳንድ ጌም ላይ ትንሽ ይቀንሳል። አንዳንዱ ላይ ልዩነቱ አይታይም። አንዳንዱ ላይ ይጨምራል። በ2025 ሌኖቮ ሌጅን ጎ ኤስ የሚባል የእጅ ማሽኑን በዊንዶውስም በቫልቭ ሊኑክስም ሸጧል። ማሽኑ አንድ ስለሆነ ማወዳደር ቀላል ነበር። ከተሞከሩት ጌሞች ብዙዎቹ ሊኑክሱ ላይ ፈጥነው ተገኝተዋል።

አንተ ያየኸው መንተፋተፍ ከየት እንደመጣ የምገምት ይመስለኛል። ጌሙን መጀመሪያ ስትከፍት፣ አዲስ ቦታ ስትገባ፣ ሥዕሉ ለአንድ አፍታ ቆም ይላል። ሼደር የሚባሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች እዚያው እየተዘጋጁ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ቦታ ስታልፍ አይቆምም። ለ10 ደቂቃ ሞክሮ የዘጋ ሰው «ስታክ ያደርጋል» ቢል አልፈርድበትም። አንድ ሰዓት መጫወት ግን ነበረበት።

«አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነፍስ ይዘራል የሚሉት ተረት ነው።»

ግማሽ ልክ ነህ፤ ግማሹን ደግሞ ፈጽሞ አላየኸውም። ለኛ ለዳር አገር ሰዎች ዋናው ነገርም ይህ ነው። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውበት የመጣውን ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው። መገናኛ ሄደህ ስትጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርህ ጀነሬሽኑን፣ የኢንቴል ፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ ነው። ኮር አይ 5 ካለ በኋላ ከሚመጣው ቁጥር የመጀመሪያውን አሃዝ እይ። 4300 ካለ 4ኛ ነው፣ 6200 ካለ 6ኛ ነው።

4ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በታች የሆነ፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ከያዝክ ወሬህ እውነት ነው። ዲኤክስቪኬ ከኅዳር 2022 ወዲህ ቩልካን 1.3 ይጠይቃል። የእነዚህ ላፕቶፖች ግራፊክስ እዚያ አይደርስም። ፕሮቶን በድሮው የኦፕንጂኤል መንገድ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ይከብዳል፣ ይዘገያል። እነዚህ ላይ ቀለል ያሉ የሊኑክስ ጌሞችንና በጣም የቆዩ የዊንዶውስ ጌሞችን ነው የምመክረው። ነፍስ ይዘራል የሚሉ ሰዎች ይህን አለመናገራቸው ስህተት ነው። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 600 እና ብዙዎቹ የ700 ካርዶች ያሉትም ተመሳሳይ ግድግዳ ይገጥመዋል።

አሁን 6ኛንና 7ኛን ጀነሬሽን እይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይፈልጋል። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ውጭ ቀሩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ፣ እሱም ያልቃል። ስቲም ዊንዶውስ 7ንና 8ን በጥር 2024 እንደተወ አስታውስ። የ10 ተራም ይደርሳል። እነዚሁ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽኖች ግን ቩልካን 1.3ን ይችላሉ። ሊኑክስ ላይ የዛሬው ፕሮቶን ይሠራባቸዋል። ዊንዶውስ 11 በር የዘጋባቸው ላፕቶፖች፣ ሊኑክስ በሩን የከፈተላቸው ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ዊንዶውስ 11ን በጓሮ በር መጫን ይቻላል ትለኝ ይሆናል። ይቻላል። ማሻሻያው ነገ እንደሚመጣለት ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ቃል አይገባልህም።

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ 6ኛ ጀነሬሽን ነው። የኔም እንደዚያው፣ 8 ጊጋ ራም አለው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሚንት የሚባለውን ነው የምጠቀመው። ዩሮ ትራክን ሥዕሉን ዝቅ አድርጌ እነዳለሁ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ጨርሻለሁ። አዳዲስ ከባድ ጌሞችን አይችልም። ዊንዶውስ ቢጫንበትም አይችልም፤ ግራፊክሱ ያው ነው።

«ዳታ ይጨርሳል።»

ፕሮቶንና አጋዦቹ ሲወርዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይወስዳሉ። ስቲም የተዘጋጁ ሼደሮችንም ከበስተጀርባ ያወርዳል። በፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ ያማል። ሼደሩን ከስቲም ማስተካከያ፣ ማውረጃ ከሚለው ክፍል ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ አጥፍቼዋለሁ። ዋጋው ቀደም ብዬ የነገርኩህ መንተፋተፍ ትንሽ መብዛቱ ነው።

ያልጠቀስከው ግን ትልቁን ነገር ነው። ከ2023 ጀምሮ ስቲም ጌምን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ በቤት ዋይፋይ ይቀዳል። ጓደኛህ ዊንዶውስ ላይ ያወረደውን 30 ጊጋ፣ ሁለታችሁም የጌሙ ባለቤት ከሆናችሁ፣ እንደገና በዳታ ማውረድ የለብህም። በፕሮቶን የሚሠራው ጌም ያው የዊንዶውሱ ፋይል ስለሆነ ወደ ሊኑክስም ይቀዳል። እኛ ብሎክ ላይ መብራት ካለ፣ ምሽት ላይ ሁለት ላፕቶፕ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንቀዳለን።

«ዊንዶውስ እዚህ አገር በነጻ ነው።»

በነጻ አይደለም፣ በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ፣ ነው። ክራኩን የሚጭንልህ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲ ቫይረሱን ማጥፋት ነው። እኔ የመጀመሪያ ላፕቶፔን የገዛሁበት ሱቅ እንዲሁ አድርጎ ሰጠኝ። ሳምንት ሳይሞላ ፍላሼ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆነ። የኮሌጅ ሥራዬ ያለው እዚያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ፋይሎቹ ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም፤ ይህን ያወቅሁት ጓደኛዬ ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ሲሰካው ነው። ሁሉም ፎልደሮች ቁጭ ብለው ታዩ። ሊኑክስን የለመድኩት ለጌም ብዬ አይደለም፣ በዚያች ሌሊት ምክንያት ነው። ዛሬ ጎረቤቶቼ ሾርትከት የበላውን ፍላሽ ይዘው ወደኔ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ልጆች እንዳይዘናጉ። ከየፍላሹ የተቀዳ የተሰበረ ጌም በዋይን ስትከፍት፣ ውስጡ ያለው ተንኮል የራስህን ፋይሎች ሊነካ ይችላል። ሊኑክስ ስለሆነ ብቻ የፈለግኸውን ክፈት ማለት አይደለም።

ስለ ተርሚናሉ ብዙ አልልም። ልጁ ከጫንኩለት ጀምሮ አንድ ጊዜ ነው የከፈተው፣ እሱንም ለማየት ጓጉቶ።

እሁድ ዕለት ልጁን አስቀምጬ መጫወት የሚፈልጋቸውን ጌሞች በወረቀት አስጻፍኩት። ሰባት ጻፈ። ሰባቱን አንድ በአንድ አየናቸው። አራቱ ላፕቶፑ ላይ ይሠራሉ። ሁለቱ ዊንዶውስም ቢጫን ለግራፊክሱ ይከብዱታል። አንዱ ኤፍሲ ነው፣ እሱ አይሠራም። ኤፍሲን ከጓደኞቹ ጋር ታች ሱቆቹ አጠገብ ያለው ፕሌስቴሽን ቤት እየሄደ ሊጫወት ወሰነ። ላፕቶፑን የመሸጡ ነገር ቀርቷል። እናቱም ነገሩን አልሰማችም።

አንተን የምለምንህ ጽሑፍህን እንድታጠፋው አይደለም። «ጌም አያጫውትም» የሚለውን ትተህ የማይሠሩትን በስማቸው ዘርዝራቸው። ኤፍሲን ጻፍ፣ ፎርትናይትን ጻፍ፣ 4ኛ ጀነሬሽንን ጻፍ። ሞክረህ ያልሠራልህ ሌላ ጌም ካለም ስሙንና የላፕቶፕህን ጀነሬሽን ላክልኝ። ጽሑፍህ ላይ አያት አካባቢ እንደምትኖር ጠቅሰሃል፣ ከኛ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።